ጭስ ያልሸተተው ዘር

አባቴ «ዘር የለኝም» ያለበትን ጠዋት አልረሳውም። ቡታጅራ፣ ቤታችን አጥር በር ላይ ቆሞ ነበር። ጎረቤታችን እንደየዓመቱ ስኒያቸውን ይዘው መጥተዋል፤ እኔ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ለመሄድ በረንዳው ላይ ጫማዬን አስራለሁ። «ዘንድሮስ የለኝም፣ እህቴ። ከገበያ ግዢ» አላቸው። ሴትዮዋ ስኒያቸውን ከሻርፓቸው ሥር አስገብተው ተመለሱ።

ዘሩ ግን ነበር። ማዕድ ቤት፣ ከምድጃው በላይ፣ በደረቅ ኮባ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ሰው ሲያረጅ ይሰስታል ሲባል እሰማ ነበርና አባቴን በልቤ ታዘብኩት። ዛሬ ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ከገበያው ዳር በአንድ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ኖሯል። የእስላም ቀሚስ፣ የክርስቲያን ነጠላ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ያልሰፋው የለም። ከሥራ ሲመለስ ግን ልብሱን እንኳን ሳይቀይር ወደ ጓሮ ነው የሚሄደው። ከእንሰቱ ወዲህ ጠበብ ያለች መሬት ነበረችን። ቃሪያም፣ ሽንኩርትም፣ ጤና አዳምም አላት፤ የአባቴ ነገር ግን ጎመን ነበር። እናቱ ከአገና በኩል ስትመጣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችው ጎመን ነው ይላል። ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ ለጎመን ክትፎ ሲከተፍ እንደ ሌላው ውኃ የማያበዛ። እኔ ልጅ ሆኜ ጎመን ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ዘር የሚያስይዘው በየዓመቱ አይደለም። በሁለት ዓመት አንዴ ሰባት ስምንት ግንድ ይመርጥና ከስፌት ቤቱ ባመጣው ቀይ ብጣሽ ጨርቅ ያስራቸዋል። ቀይ የታሰረበትን ማንም አይቀነጥስም፤ እንግዳ ቢመጣ፣ መስቀል ቢደርስ አይነካም። እናቴ በሕይወት ሳለች ወጥ ጎደለኝ ብላ እንኳን ደፍራው አታውቅም። ግንዶቹ አብበው፣ ፍሬ ቋጥረው፣ ጥር ላይ ሲደርቁ ታጭደው ይወቃሉ። ዘሩ ሰፌድ ላይ ፀሐይ ይጠግብና በኮባ ተጠቅልሎ ከምድጃ በላይ ይሰቀላል፤ ጭሱ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ሰኔ ሲገባ ሰፈሩ ስኒ እየያዘ ይመጣል። «ዘር የሰጠ አይደኸይም» እያለ ይሰፍራል። ዘር ማስያዝ ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ማንም ራሱን አያደክምም፤ እሱ እያለ ምን አስጨነቃቸው። ሰው ሁሉ በእሱ ተማምኖ ጎመኑን እስከ መጨረሻው ቅጠል ይበላ ነበር።

እናቴ ስትሞት እኔ ወልቂጤ ሳይንስ አስተምር ነበር። አባቴ ብቻውን እንዳይሆን ዝውውር ጠይቄ መጣሁ። ስመጣ ስፌቱን ትቶ አገኘሁት። «እግሬ መርገጥ አቃተው» አለኝ። አመንኩት። ቆይቶ ግን አንድ ቀን ምስማር ላይ ለተሰቀለው ካፖርቴ «እንደምን ዋልክ» ሲል ሰማሁት። እግሩ ምንም አልሆነም፤ የደከመው ዓይኑ ነበር። አዲስ አበባ ወስጄ አሳየሁት። የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይታችኋል አሉን። በአውቶቡስ ስንመለስ፣ ጥያን ስናልፍ፣ እጄን ያዘኝና «ይሄን ነገር ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ። ሰፈሩ ሲያዝንልኝ ማየት አልፈልግም» አለ። ከዚያ የሚብሰውን ቀልድ ራሱ ጨመረበት፤ «ማየቱስ ይቅር፣ መስማት አልፈልግም።» እሱ ሳቀ፣ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ያን ዓመት ዘር የሚያዝበት ዓመት ነበር። ከታጨደ በኋላ ያለውን ሥራ እኔ ተረከብኩት። ዐቢይ ጾም ስለገባ ሰናፍጭ እያዘጋጀሁ ነበርና ሰፌዶቹ ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው። አንዱን አራግፌ የጎመኑን ዘር አሰጣሁበት፣ ከዚያ ጠቅልዬ ሰቀልኩት። አባቴ «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ሰኔ ላይ እንደ ልማዱ ለሰዉ ሰፈረ፤ ለጎረቤታችንም ሰጣቸው። የራሱንም መደብ ራሱ ዘራ። ሲበትን ላየው ሰው ዓይኑ የጠፋ አይመስልም።

ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ውያለሁ። በመስኮት ሳይ አባቴ መደቡ ዳር ቁጢጥ ብሏል። እጁን ችግኙ ላይ ያሳልፍና አንዱን ይነቅላል፣ ይጥላል። ደግሞ ይዳብሳል፣ ሌላ ይነቅላል። ደንግጬ ወጣሁ። የነቀለው አረም አልነበረም፤ ለምለም፣ ጤነኛ ችግኝ ነበር። አረም መስሎት የገዛ ጎመኑን እየነቀለ ነው አልኩ። ምን ብዬ ልንገረው? «አባዬ፣ አታይም፣ ተው» ይባላል? አልነገርኩትም። እጁን ታጥቦ ሲገባ ጠብቄ የነቀለውን አንድ በአንድ መልሼ ተከልኩለት። በማግስቱም ነቀለ፣ በማግስቱም ተከልኩ። ሳምንቱን ሙሉ እሱ ሲነቅል እኔ ስተክል ሰነበትን። እሱ ምንም አላለም፤ እኔም በብልሃቴ ኮራሁ።

መስከረም ሲጠባ ከጎመኑ መሐል ቀጫጭን ግንድ እየመዘዘ፣ ቢጫ አበባ እየበተነ የወጣ ነገር ታየኝ። ሰናፍጭ ነበር። የሰናፍጭና የጎመን ዘር ሳይንስ መምህርነቴ እንኳን አይለየውም፤ ሁለቱም ደቃቅ፣ ሁለቱም ጥቁር ቡኒ ናቸው። አባቴ ቀላቅሎታል ብዬ ደመደምኩ። በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን በአጥሩ በላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «አንቺ፣ የአባትሽ ጎመን ዘንድሮ ሰናፍጭ ወለደብኝ እኮ!» ብለው ሳቁ። በክፋት አይደለም፣ ሳቅ ልማዳቸው ነው። እኔን ግን ሳቃቸው ፊቴን አቃጠለኝ። ዓይኑ ላይ የሳቁ መሰለኝ። «አርጅቷል፣ ምን ይደረግ» አልኩና ገባሁ። ሌላ አንድ ጥያቄ ጠይቄያቸው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

የመስቀል ዋዜማ፣ ሥጋው ሳይመጣ ጎመን ክትፎ በሚበላበት ምሽት፣ ሁሉንም አንድ ላይ ከትፌ አቀረብኩ። አፍንጫ ይሰነፍጥ ነበር። አባቴ እያላመጠ ቆየና «ቅቤው ጥሩ ነው» አለ።

ክረምቱ እስኪመጣ ይሄው ነገር ሲያብሰለስለኝ ከረመ። የተሰቀለው ጥቅልል ውስጥ ገና ብዙ ዘር አለ። ሰኔ ላይ ሰዉ ስኒ ይዞ ይመጣል፤ አባቴም ሰናፍጭ የተቀላቀለበት ዘር እየሰፈረ «ዘር የሰጠ አይደኸይም» ይላል፤ እነሱም ከጀርባው ያዝኑለታል። ያ እንዲሆን አልፈቀድኩም። ደግሞ በየስብሰባው ምርጥ ዘር፣ ምርጥ ዘር የሚባልበት ዘመን ነበር፤ እኔም ክፍል ውስጥ ያንኑ አስተምራለሁ። ያረጀ ዘር መጣል ለእኔ ነውር አልነበረም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ ዓይነቷ ነው።

ሊዘራ ሁለት ቀን ሲቀረው ከገበያ የጎመን ዘር ገዛሁ። በእርግጥ ጎመን መሆኑን ሻጯን ሦስቴ አስምያታለሁ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ ጥቅልሉን አወረድኩ። የድሮውን ዘር ጓሮ ብደፋው ይበቅላል፣ ለዶሮ ብሰጠው ሰው ያየኛል፤ ስለዚህ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። እንደዚያ ይጮኻል ብዬ አልጠበቅኩም። መንጣጣት ጀመረ፤ ማብቂያ ያለው አይመስልም ነበር። ከበሩ በኩል የአባቴ ድምፅ መጣ።

«ምንድን ነው የሚንጣጣው?»

መምጣቱን አልሰማሁም። «ተልባ ነው፣ አባዬ። ተልባ እየቆላሁ ነው።»

«እ» አለ። በትሩ መሬቱን እየነካካ ወደ በረንዳው ሲሄድ ሰማሁት። እኔም የገበያውን ዘር በዚያው ኮባ ጠቅልዬ፣ በዚያው ገመድ አስሬ፣ እዚያው ቦታ ሰቀልኩት።

የሚዘራበት ቀን ጥቅልሉን ራሴ አውርጄ ሰጠሁት። ኮባውን ፈታ። እጁን ከተተና ዘሩን በጣቶቹ መሐል አፈሰሰው። ከዚያ አሸተተው፤ ረዥም ጊዜ አሸተተው። ሁለት ሦስት ፍሬ ምላሱ ላይ አድርጎ በፊት ጥርሱ ሰበረ። እኔ አጠገቡ ቆሜ አየዋለሁ። ፊቱ ላይ ምንም አላየሁም። ወይም ማየት አላወቅኩም።

«ሌላ የተረፈ የለም?» አለኝ።

«የምን ሌላ? ያለው ያ ብቻ ነው፣ አባዬ።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም።»

«እሺ፣ ደግ» አለና ዘራው። ጎረቤታችን ስኒ ይዘው መጥተው ባዶ የተመለሱት በዚያው ሳምንት ነው። ሌሎችም መጡ። ለሁሉም የለኝም አለ።

ጎመኑ ያን ዓመት አማረ። አንድ የሰናፍጭ ግንድ አልታየበትም። አባቴም መደቡ ዳር ተቀምጦ መንቀሉን ተወ፤ ዓይኑ እየባሰበት ሄዶ ተስፋ ቆረጠ አልኩ። ማዕድ ላይ ግን አዲስ ልማድ አመጣ። ጎመን ባቀረብኩ ቁጥር የመጀመሪያውን ጉርሻ ይውጥና «ጎመን በጤና» ይላል። ድሮ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም፤ የራሱን ጎመን ሲበላ ዝም ብሎ ነበር የሚበላው። ምርቃት መስሎኝ «አሜን» እል ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ዘር የማስያዣው ጊዜ ደረሰ። ከአሮጌ ቀሚሴ ቀይ ጨርቅ ቀድጄ፣ «አባዬ፣ የትኞቹን ልሰርልህ?» አልኩት። ጨርቁን ተቀብሎ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ የልብስ ሰፊ እጅ አይደል። አጥፎ መለሰልኝ። «ተዪው። ገበያ ሞልቶ የለ» አለኝ። ይህ የአባቴ አነጋገር አልነበረም። ቢሆንም እኔ ሥራ ይበዛብኛል፤ የተማሪ ደብተር ይጠብቀኛል። ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ሁለት መስቀል ብቻ አየ። አንድ የበጋ ጠዋት ከአልጋው ሳይነሣ ቀረ። ቀብሩ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ድንኳን ውስጥ ሰዉ ስለ ስፌቱ ያወራል፣ ስለ ጎመኑ ያወራል። ስለ ዓይኑ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ምሥጢሩን ጠብቄለታለሁ ብዬ ተጽናናሁ።

አርባው ካለፈ በኋላ ቤቱን ሳስተካክል ከምድጃው በላይ ያለውን ጥቅልል አየሁት። ግማሽ ያህል ዘር ቀርቶበታል። ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ግን እሱ ነው የዘራው፣ እጁ ነክቶታል፣ ጭሱንም በዚህ ሁሉ ጊዜ ጠግቧል። ቀስ በቀስ የአባቴ ዘር ሆኖ ታየኝ። ለሰው ልስጥ፣ ስሙ ይነሣበት ብዬ ይዤው ወደ ጎረቤታችን ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀምጠው የበርበሬ ዘንግ ይቆርጣሉ።

«የአባቴ ዘር ነው» አልኳቸው። «ለእርስዎ ይሁን።»

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። ከፈቱት በኋላ ግን ቶሎ መልሰው ጠቀለሉት። ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ የእሳቸው አይደለም።»

«እንዴት?»

«እንዴት ትይኛለሽ!» አሉ። ከዚያ ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመሩ። «የዓይናቸውን ነገር ሰፈሩ ያውቅ ነበር። ማን ያስቀይማቸዋል ብለን ዝም አልን እንጂ። ያን ዓመት ሰናፍጭ የወጣ ጊዜ እኔ ላንቺ በአጥር ነገርኩሽ፣ አይደል? እሳቸው ግን ከዚያ በፊት መጥተው ነበር። ‹ልጄ ሰናፍጭ የነበረበት ሰፌድ ላይ አሰጣችው፣ ስንጥቁ ውስጥ የቀረ ፍሬ ገብቶበታል፣ ጥቂት ነው› አሉኝ። መደቤ ላይ ቁጭ ብለው በእጃቸው እየዳበሱ ነቀሉልኝ። የሰናፍጭ ቅጠል ይሻክራል፣ የጎመን ይለሰልሳል። አንዲት ጎመን አልሳቱም፣ ወላሂ! የወጣብኝ እሳቸው ያልደረሱበት ጥግ ላይ ነው።»

«እኛ ቤት ግን...» አልኩ። አልጨረስኩትም።

«የእናንተንማ እየሳቁ ነግረውኛል። ‹ነቅዬ እገባለሁ፣ ስመለስ ተተክሎ አገኘዋለሁ› ይሉ ነበር። ‹ልጄ ከእኔ ጋር እየተጫወተች ነው› አሉ።»

ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በርበሬው ዓይኔን ለበለበው፤ ጥሩ ምክንያት ሆነኝ።

«ስኒ ይዤ መጥቼ የለኝም ያሉኝ ዕለት» አሉ እሳቸው፣ «አልሸሽግሽም፣ ተቀየምኩ። ከሰዓት በአጥር ጠሩኝ። ‹ያለው ዘር የእኔ አይደለም› አሉኝ፤ ‹ጭስ አይሸትም፣ ከገበያ ነው። የእኔ ነው ብዬ ብሰጥሽ መዋሸቴ ነው። ከገበያ ነው ብልሽ ደግሞ ልጄ ታፍራለች። ስለዚህ የለኝም ልበል› አሉ። ‹ንገሯታ፣ ምን ችግር አለው› አልኳቸው።»

«እሱስ ምን አለ?»

በርበሬውን አስቀመጡት። «‹ዘሬ ሲንጣጣ ከበሩ ቆሜ ነበር› አሉ። ‹ምንድን ነው ብላት ተልባ ነው አለችኝ። ተልባ ካለች ተልባ ነው› አሉ። ‹ለእኔ ብላ ነው ያደረገችው፣ እንዳትነግሪያት› አሉኝ። ዛሬም ባልነገርኩሽ ደግ ነበር፤ ግን የሰውየውን ስም በሌላ ዘር ላይ እንዴት ዝም ልበል?»

ከጎረቤታችን ዘንድ ከድሮው ትንሽ እንኳን ተርፎ እንደሆነ ጠየቅኩ። «እሳቸው እያሉ ዘር ማን ያስይዝ ነበር» አሉኝ። ሌላም ቤት ሄድኩ፤ መልሱ ያው ነው። ሁሉም በእሱ ተማምኖ፣ እሱ የለኝም ሲል ወደ ገበያ ዞሯል። አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ አገና ድረስ ወጣሁ። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ጓሯቸውን ከፍተው ጎመናቸውን አሳዩኝ። ሰፊ ቅጠል ያለው አለ፣ ሐምራዊ ግንድ ያለው አለ። የትኛው የእኛ እንደሆነ ግን መለየት አልቻልኩም። ዳብሼ፣ አሽትቼ፣ ምላሴ ላይ አድርጌ አላውቀውማ። ማየት ብቻ ነበር የማውቀው። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ለአባቴ ማልቀስ የጀመርኩት የዚያን ቀን ነው ብል አላጋነንኩም። ለቅሶው ላይ ያለቀስኩት ለዕውር ሽማግሌ ነበር። እንዲህ የሚያይ ሰው ኖሮኝ እንደነበር አላወቅኩም።

ዛሬም ጎመን ስበላ «ጎመን በጤና» ማለት ያቅተኛል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ዘሩን ማቃጠሌ አይደለም። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። ሌላ የተረፈ የለም? ትንሽም? አንድ ጭብጥ አስቀርቼ እንደሆነ ብሎ ነበር የሚጠይቀኝ። አስቀርቼ ቢሆን ኖሮ ምንም ሳይለኝ ተቀብሎኝ ይዘራው ነበር፤ እኔም ምን እንዳደረግኩ እስከ ዛሬ ሳላውቅ እኖር ነበር። እኔ ግን «ትንሽም» አልኩት።